ብዙ ጥሩ ተጫዋች ሲኖር ደቂቃውን እንዴት እናከፋፍል?

ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። በአጭሩ ያልከው ይሄ ነው፦ አስራ ሁለት ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ይዘሃል። ዘጠኙ ወይም አስሩ ሌላ ቡድን ቢሆኑ ቋሚ ተሰላፊ ይሆኑ ነበር። ለሁሉም እኩል ደቂቃ ስትሰጥ ጨዋታው ይቆራረጣል፣ አሰላለፉን ስታጠብ ደግሞ ወንበር ላይ የቀሩት ያኮርፋሉ። ሁለቱ እንዲያውም ልምምድ መቅረት ጀምረዋል፣ ወላጆችም መደወል ይዘዋል።

እኔ ለብዙ ጊዜ ተጠባባቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ፣ በኋላም ወጣቶችን አሰልጥኛለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርህ። ተጫዋች ትንሽ ደቂቃ ማግኘትን ይችለዋል፣ ደስ ባይለውም ይችለዋል። የማይችለው አለማወቅን ነው። መቼ እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚገባ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚወጣ ካላወቀ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የአሰልጣኙን ፊት ሲያነብ ይውላል። ከዚያ ኩርፊያው ይመጣል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ህግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፣ ሜዳ ላይ አምስት ሰው አለ፣ ስለዚህ በእጅህ ያለው 200 ደቂቃ ብቻ ነው። ለአስራ ሁለት እኩል ስታካፍለው ለአንዱ 17 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ምርጡ ተጫዋችህም ከግማሽ ጨዋታ በላይ ተቀምጦ ያያል ማለት ነው። አሁን ሌላ ሞክር። ለአምስቱ 26፣ ለሦስቱ 16፣ ለዘጠነኛው 10፣ ለቀሩት ሦስት ደግሞ አራት አራት ደቂቃ ስጥ። ደመር ስታደርገው ልክ 200 ይመጣል። ይሄን ቁጥር ቅዳው እያልኩህ አይደለም። ግን ወረቀት ላይ ሳታሰፍረው ወደ ሜዳ አትግባ። ብዙ አሰልጣኝ ደቂቃውን በስሜት ያከፋፍላል፣ ከጨዋታው በኋላ ሲቆጠር ግን እሱ ራሱ ይደነግጣል።

ከደቂቃው ብዛት ይልቅ አሰጣጡ ላይ አተኩር። ልጁን ለአንድ ደቂቃ አስገብተህ አታውጣው። ሰውነቱ ሳይሞቅ፣ የጨዋታው ፍጥነት ሳይገባው ይወጣል፣ ከዚያ «አልተጠቀመበትም» ይባላል። አራት ወይም አምስት ደቂቃ በተከታታይ ስጠው። ስትቀይርም ሁለት ሁለት አድርገህ ቀይር፣ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ኳስ የሚያመጣ አንድ፣ ነጥብ የሚያገባ አንድ ይኑር። ጨዋታ ተቆራረጠብኝ ያልከው እኩል በመስጠትህ ሳይሆን አራት አምስቱን በአንዴ በማውጣትህ ይመስለኛል። እቅድህ ላይ ትንሽ መንሸራተት ይኖራል፣ ምክንያቱም ቅያሪ የሚፈቀደው ኳስ ሲቆም ነው፣ በፊባ ህግ ደግሞ ቅርጫት ስለገባ ብቻ ሰዓቱ አይቆምም፣ ከአራተኛው ሩብ እና ከጭማሪ ሰዓት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች በስተቀር። ስለዚህ ልጆቹን ቀደም ብለህ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላካቸው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ልጆች አራት ደቂቃቸውን መቼ ነው የሚያገኙት? ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ውጤቱ ካለቀ በኋላ የሚገባ ልጅ ገባሁ ብሎ አይቆጥረውም። እኔ የሁለተኛውን ሩብ መጀመሪያ እመርጣለሁ። ጨዋታው ገና ክፍት ነው፣ የተቃራኒው ቡድን ዋናዎቹም ብዙ ጊዜ ያን ሰዓት ያርፋሉ። ልጁ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሆኖ ቅዳሜ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገባ ካወቀ አመጣጡ ሁሉ ይለወጣል። ከአሰልጣኝነቴ እንደዚህ ግልጽ ሆኖ ያየሁት ነገር ትንሽ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ነገር የጨዋታ ስልትህ ነው። አስር ጥሩ ሰው ይዘህ ኳስ እያዘገየህ፣ በግማሽ ሜዳ ብቻ እየተከላከልክ የምትጫወት ከሆነ ቋሚዎቹ 35 ደቂቃ መጫወት ይችላሉ፣ ስለዚህ የምታደርገው ቅያሪ ሁሉ ለእነሱ ቅጣት ይመስላል። ሙሉ ሜዳ ብትጫን፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) እንደተያዘ ብትሮጥ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ ጉልበቱን የሰጠ ልጅ ራሱ ቀይሩኝ ይላል። ተቃራኒው ቡድን ሰባት ሰው ብቻ ካለው ደግሞ በአራተኛው ሩብ እግሩ ይከዳዋል። ብዙ ተጫዋች መያዝ ጥቅም የሚሆነው ጉልበትን እንደ መሳሪያ ስትጠቀምበት ነው።

በአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ በኤንቢኤ የሚጫወተውን የሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ነገር አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2013-14 የውድድር ዘመን አሰልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ማንንም ተጫዋች በአማካይ 30 ደቂቃ አላጫወተም። የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ እንደሆነ ልብ በል። ብዙ ደቂቃ የተጫወተው ቶኒ ፓርከር ራሱ ከ30 በታች ነበር። በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ አሸነፉ፣ በፍጻሜውም ማያሚ ሂትን 4 ለ 1 ረቱ። ማኑ ጂኖቢሊ እዚያው ቡድን ውስጥ ብዙውን ዕድሜውን ከወንበር እየተነሳ ነው የተጫወተው፣ ግን ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ሜዳ ላይ ነበር።

አሰልጣኝ ዲን ስሚዝ በአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተጠቀመበት ዘዴም አለ፣ እኔ ወስጄው በጣም ሰርቶልኛል። የደከመ ተጫዋች ጡጫውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ይወጣል፣ ሲያርፍ ደግሞ ራሱ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ይመለሳል። አሰልጣኙ ያወጣው ከሆነ ግን የሚመለስበትን ጊዜ አሰልጣኙ ይወስናል። ልጆች ድካማቸውን የሚደብቁት ከወጣሁ አልመለስም ብለው ስለሚፈሩ ነው። ያ ፍርሃት ሲጠፋ ጉልበታቸውን አይሰስቱም፣ ተጠባባቂውም ቀድሞ ይገባል።

አምስት በአምስት ሙሉ ቡድን መቀየር ጥሩ ነው የሚሉህ አሉ። አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014-15 እንዲህ ነበር የጀመረው፣ 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜ በዊስኮንሲን ተሸነፈ። ነገር ግን ስልቱ ራሱ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፣ በታህሳስ አንድ ተጫዋች ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ወደ ተለመደው ቅያሪ ተመለሰ። ለአንተ አልመክርህም። በወጣቶች ዘንድ «የመጀመሪያው ቡድን» እና «የሁለተኛው ቡድን» የሚል መለያየት ቶሎ ይፈጠራል። በልምምድም ቢሆን ቋሚዎቹን ሁልጊዜ አንድ ላይ አታሰልፋቸው። ቀላቅላቸው። አምስተኛው ልጅ ከአስረኛው ጋር አንድ ወገን ሆኖ ካላሸነፈ በጨዋታ ቀን ፓስ አይሰጠውም፣ ይሄ ደግሞ ክፋት አይደለም፣ አላመነውም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ወደ ንግግሩ። አስራ ሁለቱንም ለየብቻ ቁጭ አድርገህ አናግራቸው። በጉባኤ አይሆንም። መጀመሪያ አንተ አትናገር፣ «በዚህ ቡድን ስራህ ምን ይመስልሃል?» ብለህ ጠይቀው። የምትሰማው መልስ ሊያስገርምህ ይችላል። ነጥብ እንዲያገባ የምትፈልገው ልጅ መከላከል ብቻ የተፈለገ መስሎት ይሆናል። ቀጥለህ ስራውን በግልጽ ንገረው፦ «ስትገባ ፖይንት ጋርዳቸውን (ኳስ እያመጣ ጨዋታ የሚመራውን) ሙሉ ሜዳ ትይዘዋለህ፣ በነፃነት ስትገኝ ከማዕዘን ትተኩሳለህ»። ተጨማሪ ደቂቃ ከፈለገ ምን ማሻሻል እንዳለበት አንድ ነገር ስጠው፣ አምስት አይደለም። ደቂቃ ቃል አትግባለት። «እናያለን» የሚለውን መልስ ደግሞ ከአፍህ አውጣው። ልጁ «እናያለን»ን እንደ ተስፋ ይይዘዋል፣ ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ዋሸኝ ይላል።

ተጠባባቂነት ከቋሚነት እኩል ነው ብለህም አትዋሸው፣ ያውቀዋል። እውነቱን ንገረው፣ ከዚያ ስራው ለምን እንደሚያስፈልግህ አስረዳው። አንድሬ ኢጉዳላ የሚባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. ከ2014-15 በፊት በኤንቢኤ የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉ በቋሚነት ነበር የጀመረው። አሰልጣኝ ስቲቭ ከር የኢጉዳላን ቡድን ጎልደን ስቴትን ሲረከብ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ በመደበኛው ውድድር አንድም ጨዋታ አልጀመረም። በፍጻሜው ክሊቭላንድ 2 ለ 1 ሲመራ ከር ለአራተኛው ጨዋታ ቋሚ አደረገው፣ ቡድኑ ሦስት በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፣ ኢጉዳላም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ይሄን ታሪክ ለልጆችህ ስትነግር ዋንጫው ላይ አትቸኩል። ያን ሁሉ ወር ሳያኮርፍ ልምምዱን መስራቱን ንገራቸው።

ቡድንን ቶሎ የሚያፈርስ አንድ ልማድ አለ፣ ስህተት እንደሰራ ወዲያው ማውጣት። ልጁ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ወንበር ላይ ያሉት ሰባቱም ያያሉ፣ ሲገቡ ኳስ ይፈራሉ። የሚያስወጣው ምን እንደሆነ አስቀድመህ አሳውቅ። የእኔ ህግ ቀላል ነው፦ ለሳተ ኳስ አላወጣም፣ ለመከላከል ተመልሶ ላልሮጠ ግን ምርጡም ቢሆን ይወጣል። ህጉ ኮከቡ ላይ ካልሰራ ለማንም አይሰራም።

ፕላስ ማይነስ (ልጁ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ባገባውና በተቆጠረበት ነጥብ መካከል ያለውን ልዩነት) እቆጥራለሁ ካልክ ተጠንቀቅ። በአንድ ጨዋታ አራት ደቂቃ የተጫወተ ልጅ ቁጥር ምንም አይነግርህም፣ ምናልባት የገባው ተቃራኒው ቡድን ኳስ እየገባለት በሞቀበት ሰዓት ይሆናል። የብዙ ጨዋታ ሰብስብ፣ ደግሞ ሰውየውን ሳይሆን ጥምረቱን እይ።

አምበሎችህ ሁለቱም ቋሚ ከሆኑ አንዱን ከተጠባባቂዎቹ ምረጥ። ወንበር ላይ የሚባለውን የሚሰማው እሱ ነው።

ወላጆችን በተመለከተ አጭር ነው። ስለ ልጁ ጤና፣ ትምህርት፣ ጸባይ ሁልጊዜ ያናግሩህ። ስለ ደቂቃ የሚጠይቀው ግን ተጫዋቹ ራሱ ነው፣ ያውም በማግስቱ እንጂ ጨዋታው እንዳለቀ ሜዳ ዳር አይደለም። ይሄን አሁኑኑ ለሁሉም አሳውቅ፣ የደወሉትን ለይተህ አትንገር።

ልምምድ የቀሩትን ሁለቱን ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ጥራቸው፣ አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ። አንዱ ከቤት ችግር፣ ሌላው ከደቂቃ ሊሆን ይችላል የቀረው፣ ሳትጠይቅ አትፍረድ። የደቂቃ ከሆነ ስራውን ንገረው፣ ልምምድ የቀረ በዚያ ሳምንት እንደማይጀምር ንገረው፣ በሌሎቹ ፊት ግን ስሙን አታንሳ። ከተመለሰ ደግሞ በተባለው ደቂቃ አስገባው። አንተ ቃልህን ስትጠብቅ የሚያየው እሱ ብቻ አይደለም፣ አስራ አንዱም ያንኑ እየጠበቁ ነው።