የወተት ባክቴሪያ ምርመራ፦ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ (አዳማ)

ወተት የሚመረምር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ባክቴሪያ ጠይቁኝ። ስለ ዋጋ አትጠይቁኝ።

የቦኩ ልጅ፦ ላክቶሜትሬ 1.030 አነበበ። ወተቱ ንጹሕ ነው ማለት ነው?
መልስ፦ አይደለም። ላክቶሜትር የሚጠቁመው ውሃ መጨመሩን ነው። ባክቴሪያ አያይም።

ባለላሟ፦ ናሙና በምን ላምጣ?
መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ሰው በሃይላንድ ይሞላል፣ ፌስታል ውስጥ ይከታል፣ በጠራራ ፀሐይ ባጃጅ ይሳፈራል። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። እኔ ታዲያ የላሟን ሳይሆን የመንገዱን ባክቴሪያ ነው የምቆጥረው። የተቀቀለ ጠርሙስ ከላብራቶሪ ውሰዱ። ወተቱን አማስላችሁ ቅዱ። የጠርሙሱን አፍ በጣት አትንኩ። በረዶ ባለበት ሳጥን 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይድረስ።
ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወስደን በ9 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ እናቀጥናለን፤ ከሱም ወስደን እንደገና። ሳህን ላይ አጋር ከሚባል ባክቴሪያ ማብቀያ ጄል ጋር ቀላቅለን 30 ዲግሪ ላይ 72 ሰዓት እናቆየዋለን። ሺህ ጊዜ ከቀጠነው በ1 ሚሊ ሊትሩ 80 የባክቴሪያ ነጠብጣብ ከበቀለ፣ ወተቱ በሚሊ ሊትር 80,000 አለው ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለጥሬ የላም ወተት የፈቀደው ጣሪያ 100,000 ነው።

ሰብሳቢ፦ 72 ሰዓት ማን ይጠብቃል?
መልስ፦ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ተጠቀም። 10 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 ሚሊ ሊትር ቀለም፣ 37 ዲግሪ ውሃ። ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ሲጨርሰው ሰማያዊው ይጠፋል። በግማሽ ሰዓት ከነጣ አትቀበል። ከ5 ሰዓት በላይ ከቆየ ጥሩ ነው።

የድሮ ሰው፦ እናቶቻችን ዕቃውን በወይራ አጥነው ነው ያሳደጉን። ያኔ ላብራቶሪ የት ነበር?
ባለላሟ፦ ጄሪካን ታጥናለህ እንዴ?
የድሮ ሰው፦ ጄሪካን ግዙ ማን አላችሁ? ቅል ጠፋ?
የቦኩ ልጅ፦ ቅል ውስጡ መች ይታጠባል!
መልስ፦ የወይራ ጭስ ባክቴሪያ ያዳክማል፤ አልክድም። ግን ታጥቦ የደረቀ ዕቃ ላይ ነው። በቃ፣ ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

ስም የለሽ፦ ወተቴ ጥሩ ነው?
መልስ፦ የቱ ወተት? መቼ የታለበ? ከላይ አንብብ።
ስም የለሽ፦ እሺ፣ በሃይላንድ ላምጣው?
መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! አይሆንም አልኩ እኮ።

አራስ፦ ካፈላሁት ምንም አይለኝም አይደል?
መልስ፦ አፍዪው። የቲቢና የብሩሴላ ተህዋሲያን ይሞታሉ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ቀድሞ የለቀቀው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ውሎ ያደረውን በማፍላት አታድኚውም።

ሰብሳቢ፦ አንዱ ደንበኛዬ ላሙን መርፌ አስወግቷል። ቀለሙ ግን ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ነው። አንደኛ ወተት በለኝ!
መልስ፦ እንዳትቀበል! መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ ካለ ባክቴሪያውን ይይዘዋል፣ ቀለሙም አይጠፋም። እርሾ ጨምረህ እርጎ ሞክርበት፤ አልረጋ ካለ ጠርጥር። ሐኪሙ ያዘዘው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ ወተቱ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።