150 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ስንት ወርድ ያወጣል?

አንድ አንባቢያችን ለካምፒንግ የሚሆን የላባ ብርድ ልብስ ራሳቸው ሊሰፉ ተነስተዋል። ብርድ ልብሱ ተሞልቶ ሲያልቅ 140 ሳንቲ ሜትር ወርድ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ያዩት ቀጭን ናይሎን ወርዱ 150 ነው። ላባው የሚገባባቸውን ቦዮች ከራስጌ ወደ ግርጌ ሊያወርዷቸው አስበዋል። «10 ሳንቲ ትርፍ አለኝ፤ ይበቃኛል አይደል?» ይላሉ።

አይበቃዎትም። እንዲያውም በጣም ያጥርዎታል።

መጀመሪያ ከ150ው ላይ ጠርዙን ይቀንሱ። ጨርቁ ፋብሪካ ውስጥ ተወጥሮ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ዳርና ዳሩ በመርፌ ይያዛል። ጠርዙን ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ የቀዳዳ ረድፍ ካለ ይታይዎታል። በዚያ ቀዳዳ ላባ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ከሁለቱም ጎን 2 ሳንቲ ተኩል ያህል ተቆርጦ ይጣላል። ቀረ 145። ለስፌት በየጎኑ 1 ሳንቲ ተኩል ሲተውለት 142 ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያስባል። ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ላባው ራሱ ወርድ ይበላል።

የተጠቀለለ ፎጣ መሬት ላይ ያስቀምጡና ሜትር በላዩ አሳልፈው ይለኩት። ቀጥሎ ከሥሩ በቀጥታ ይለኩት። የላዩ ይበልጣል። የተሞላ ቦይም እንደዚያው ነው። አንዱ ቦይ ከሥር 14 ሳንቲ ቢሆንና መሐሉ ላይ 2 ሳንቲ ተኩል ቢያብጥ፣ የላዩ ጨርቅ 15.2 ያህል ይፈልጋል። በ10 ቦይ ሲባዛ 152። ስፌቱ ሲጨመር 155። እርስዎ ያለዎት 145 ነው።

«ታዲያ ላዩንም ገበሩንም እኩል ብቆርጠውስ?» ካሉ፣ እኔም የመጀመሪያዬን እንደዚያ ነበር የቆረጥኩት። ሰፍቼ ባዶውን ስለካው ልክ ነበር። ላባው ሲገባ ግን ቦዮቹ አበጡ፣ ገበሩ ተጨማደደ፣ ወርዱም ከ10 ሳንቲ በላይ ሸሸ። ሌሊት ገልበጥ ባልኩ ቁጥር ጀርባዬን ብርድ መታኝ። በእርስዎም ጨርቅ እኩል ከተቆረጠ የሚያገኙት 130 አካባቢ ነው።

እኔ ብሆን ቦዮቹን አዞራቸው ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ያኔ ላባው የሚበላው ከወርዱ ሳይሆን ከቁመቱ ነው። ወርዱን ፋብሪካው ወስኖብናል፤ ቁመቱን ግን እኛው በሜትር እናስቆርጣለን። 15 ሳንቲ የሆኑ 13 ቦዮች 195 ቁመት ይሰጡዎታል። ለእነሱ ገበሩ ከነስፌቱ 198 ይበቃዋል፤ የላዩ ግን 212 ያህል ይሁን። በወርድ በኩል ዳርና ዳሩ ላይ ጎበጥ እንዲል 2፣ 2 ሳንቲ ብቻ ይተዉለት። 138 ይወጣል፣ ያለ ቅጥያ።

ጉድለት የለውም አልልም። አግድም በሆነ ቦይ ውስጥ ላባው ከደረትዎ ላይ ወደ ጎንና ጎን ይንሸራተታል። በስሌት ከሚወጣው ላይ 15 በመቶ ያህል ላባ ጨምረው ይሙሉት፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊትም ዳሩን ይዘው ወደ መሐል አራገፍ ያድርጉት።

ቦዩ ወደ ታች መውረድ አለበት ካሉ ደግሞ መቀጠል ግድ ነው። ደስ የሚለው፣ የሚቀጠለው የላዩ ብቻ ነው። ገበሩ 143 ስለሚበቃው አንድ ወርድ ይሸፍነዋል። ቅጥያውን መሐል ላይ እንዳያደርጉት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦዮች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ከሌላ ቁራጭ ይሁኑ። ስፌቱም የቦዩ ግድግዳ (ቦይን ከቦይ የሚለየው፣ ላዩንና ገበሩን የሚያያይዘው ቁራጭ) በሚሰፋበት መስመር ላይ ይረፍ፤ ያኔ ጨርቁን ሌላ ቦታ በመርፌ አይበሱትም። የተለየ ቀለም ቢሆን እንዲያውም ያምራል።

ለመሆኑ 140 ከየት መጣ? ከሌላ ሰው ብርድ ልብስ ከሆነ ይተዉት። በሚተኙበት ልብስ በጀርባዎ ይተኙና ሰው ይለካዎት፤ ከወለል ተነስቶ በትከሻና በክንድዎ ላይ አልፎ እስከ ማዶው ወለል። በእሱ ላይ ከሥር የሚጠቀጠቅ በየጎኑ 12 ሳንቲ ይጨምሩ። በጎን ተኝቶ ጉልበቱን ለሚያጥፍ ከዚያም ይበልጣል። እግር በኩል ግን 100 ቢሆን ማንም አይጎዳም። ጠበብ ሲል ይሞቃል፤ ክብደትም ይቀንሳል።

ናይሎኑን ከመቁረጥዎ በፊት ከማይረባ ጨርቅ ሁለት ቦይ ብቻ ይስፉ። ግድግዳውን ከአጎበር መረብ በ5 ሳንቲ ከፍታ ያድርጉት። ላባውን ይሙሉና አንድ ቀን ይተዉት፣ ይነፋ። ከዚያ ከሥሩ ይለኩት። የወጣውን ለሁለት ሲያካፍሉ የአንድ ቦይ እውነተኛ ወርድ ያገኛሉ፤ መቀሱን ማንሳት ከዚያ በኋላ ነው።