«ሰርጎ ገብ» ወይስ «የውስጥ ስጋት»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለመሥሪያ ቤታችን የደኅንነት ሥልጠና ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ከገዛ ሠራተኛ የሚመጣውን አደጋ አንዱ ባልደረባዬ «ሰርጎ ገብ» በለው ይለኛል፣ ሌላው «የውስጥ ስጋት»። «ባንዳ» ያለኝም አለ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ «ሰርጎ ገብ» ገና ሲገባ ተልእኮ ይዞ የገባ ነው። የሲአይኤውን አልድሪች ኤምስን ይውሰዱ። የተቀጠረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ለሶቪየት ኅብረት ምስጢር መሸጥ የጀመረው ግን በ1985። እስከዚያ 23 ዓመት የቤቱ ሰው ነበር፤ የቅጥር ማጣሪያ ምን ያገኝበታል? የሚያሳብቀው ኑሮው ነበር። ደመወዙ በዓመት 70,000 ዶላር ሳይሞላ፣ ቤት በ540,000 ዶላር እጅ በእጅ ገዛ። ገንዘቡ የሚስቴ ቤተሰብ ነው አለ፣ በቅጡ ያጣራ አልነበረም። በ1986 እና በ1991 የውሸት መመርመሪያውንም አልፎ በ1994 ተያዘ። እንዲህ ያለው «ከዳተኛ» ነው።

አና ሞንቴስ ግን ሰርጎ ገብ ናት። ኩባዎች በ1984 መለመሏት፣ በ1985 የአሜሪካ መከላከያ የስለላ ድርጅት ገባች። ሰነድ ይዛ አትወጣም፤ በቃሏ ይዛ ቤቷ ትጽፈው ነበር። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ዘበኛ አይደርስባትም።

ወደ «ስጋት» ስንመጣ፣ ከ«ሰጋ» የወጣ ነውና በመጀመሪያ የሚነግረን የሰጊውን ስሜት ነው። ዜናው ለአደጋውም ስለሚጠቀምበት ስሕተት አልለውም፤ ነገር ግን «የውስጥ ስጋት» ሲባል አንባቢ የአገር ውስጥ ችግር ሊመስለው ይችላል። «ከውስጥ ሰው የሚመጣ አደጋ» ይበሉ። ይረዝማል፤ ይርዘም።

«ባንዳ»ን ይተዉት። ከጣልያንኛ የመጣ፣ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር በግላጭ የተሰለፈውን የሚያስታውስ ቃል ነው። ኤምስ የሠራው ተደብቆ ነው።

«ሰላይ» ብቻውንም አይበቃም፤ የኤምስ እንጀራው ራሱ ስለላ ነበርና። «ለሶቪየት ኅብረት፣ በኋላም ለሩሲያ ሲሰልል ቆይቶ ተያዘ» ብለው ለማን እንደሆነ ይጨምሩ።

«ፀረ ስለላ» ግን ደኅና ስም ነው፣ ጠላት ማለት ከሆነው ከግእዙ «ፀር» ስለመጣ በፀሐዩ «ፀ» ይጻፉት። ስለላን የሚከላከለውን ሥራ እንጂ የሠራተኛውን ታማኝነት አይናገርም፤ ሮበርት ሃንሰን የኤፍቢአይ የፀረ ስለላ ባልደረባ ሆኖ ነው ለሞስኮ የሠራው፤ ተጠርጥሬ ይሆን እያለም በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የራሱን ስም ይፈልግ ነበር።