አምስት ብስክሌትና አንድ መኪና በአንድ ጋራዥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሴው ቤት ነው። አምስት ብስክሌት አለን፣ አንዱ ባለ ባትሪ ነው፣ መኪናውም እዚያው ያድራል፣ አንዱን ለማውጣት ሦስቱን ማንሳት ሰልችቶናል ብለሻል። ጎማውን ይዞ ማንጠልጠል ብስክሌቱን ይጎዳው እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ የጋራዣችንን አቀማመጥ ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት ጥያቄውን ነው። "ስንት ብስክሌት ይገባል?" ብዬ ጀመርኩ። መጠየቅ የነበረብኝ "እያንዳንዱ እንዴት ይወጣል?" ብዬ ነበር። ሁሉንም በገመድ እየጎተትኩ ጣሪያ ሥር ሰቀልኳቸው። ወለሉ ባዶ ሆነ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ባለቤቴ ብስክሌት መንዳት ተወች። ለአሥር ደቂቃ መንገድ ብላ ገመድ መፍታትና ማውረድ አላዋጣትም። ልጆቹማ ጭራሽ አይደርሱበትም። ብስክሌቶቹ ሥርዓት ይዘው ተቀምጠዋል፣ የሚነዳቸው ግን ጠፋ። ለእኔ ይሄ ከተዝረከረከ ጋራዥ ይብሳል።

ስለዚህ መስቀያ ከመግዛትሽ በፊት ማን፣ የትኛውን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚያወጣ ቁጭ ብለሽ አስቢ። በየቀኑ የሚነዳው ወለል ላይ፣ በሩ አጠገብ ይሁን። ሌላውን ሳይነካ በአንድ እጅ መውጣት አለበት። የልጆቹም ወለል ላይ ይቅር። ልጅ ራሱ አውጥቶ ራሱ መመለስ ከቻለ ቦታውን ያከብራል፣ ካልቻለ በሩ ላይ ጥሎት ይገባል። በሳምንት አንዴ የሚወጣው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ጣሪያው በዓመት ሁለቴ ለሚታሰበው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን መኪናው በሌለበት ሰዓት ለሁለት ሆናችሁ አውርዱት።

ከዚያ ልኬት ነው። መኪናውን እንደወትሮው አቁሚና በሮቹን ሁሉ ክፈቺ። በሮቹ የሚደርሱበትን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪ። ከመስመሩ ውጭ የቀረው ነው የብስክሌቶቹ ቦታ። የአዋቂ ብስክሌት ርዝመቱ 1 ሜትር ከ70 እስከ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል። የተራራ ብስክሌት መሪ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሴንቲ ሊሆን ይችላል። አሁን ልብ በይ። በፊት ጎማው ሽቅብ የተንጠለጠለ ብስክሌት ግድግዳው ላይ የሚይዘው ስፋት ትንሽ ነው፣ ግን ከ1 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይወጣል። ከግድግዳው ጋር ትይዩ አግድም የተሰቀለ ግን የሚወጣው የመሪውን ግማሽ ያህል፣ 40 ሴንቲ ገደማ ነው። ለዚህ ነው በመኪናው ጎን አግድም፣ መኪናው የማይደርስበት የኋላ ግድግዳ ላይ ሽቅብ የሰቀልኩት። ወደ ጎን የሚታጠፍ መስቀያም አለ። ሽቅብ የተሰቀለውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ግድግዳው ታጥፊዋለሽ። ጠባብ ጋራዥ ላለው ሰው ገንዘቡን የማያስቆጭ እሱ ነው።

ብስክሌቶች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ መሪና ፔዳል ይጠላለፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን በፊት ጎማው፣ ቀጣዩን በኋላ ጎማው ስቀይ። ወይም አንዱን መስቀያ ከሌላው 25 ሴንቲ ያህል ዝቅ አድርጊው። ሁለቱንም ካደረግሽ በመካከላቸው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ይበቃል።

ጎማውን ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ አይጎዳም። ቸርኬውና ሽቦዎቹ ሰው ተሸክመው ጉድጓድ የሚዘሉ ናቸው። የብስክሌቱ የራሱ 12 ወይም 15 ኪሎ አያጣምማቸውም። መስቀያው ግን በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፣ በተለይ ቸርኬው ካርቦን ከሆነ። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ካለው አንድ ነገር አትርሺ። ዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ፣ ብስክሌቱ ተሰቅሎ ሲያድር አየሩ ቦታ ይቀይራል። ካወረድሽው በኋላ ሳትወጪበት በፊት የፍሬኑን እጀታ ደጋግመሽ ጭመቂ። ጠንከር ብሎ ከያዘ ደህና ነው። ከላላና እጀታው መሪው ድረስ ከደረሰ ግን አትንጂው፣ አየሩ መውጣት አለበት። ልጆች የሚነዱት ከሆነማ ይህን ፍተሻ ልማድ አድርጊው።

አሁን ወደ ግድግዳው። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም አንድ ሌሊት ብስክሌት መኪናው ላይ ወድቆብኛል። መስቀያው ምንም አልሆነም። ግድግዳው ብሎኬት ነበርና ብሎኑ ውስጡ ክፍት በሆነው ቦታ ላይ ነው የገባው። ለወራት ይዞ ቆየና አንድ ቀን ብሎኑ ከነፕላስቲክ መያዣው ተነቀለ። ቀን ቢሆን ኖሮ ልጄ ሥሩ ልትኖር ትችል ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳሽ ምን እንደሆነ እወቂ። ኮንክሪት ከሆነ የብረት ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው) በቂ ነው። ብሎኬት ከሆነ የድሪሉን የመዶሻ ምት አጥፍተሽ ብሺ፣ አለበለዚያ የውስጡን ስስ ግድግዳ ይሰብረዋል። ለብሎኬት ተብሎ የተሠራ፣ በማጣበቂያ የሚተከል ብሎን አለ፣ እሱን ተጠቀሚ። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ቦርዱን አትመኚው። ከኋላው ያለውን እንጨት ወይም ብረት ፈልገሽ እሱ ላይ እሰሪ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ወፍራም ጣውላ አግድም አድርጌ በስድስት ቦታ ማሰር ነው። መስቀያዎቹ ጣውላው ላይ ናቸው። ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ቦታ መቀየር ስፈልግም ግድግዳውን እንደገና አልበሳም። ብስክሌት ከመስቀሌ በፊት እያንዳንዱን መስቀያ በሁለት እጄ ይዤ ሙሉ ክብደቴን እጥልበታለሁ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነና መብሳት ካልተፈቀደልሽ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሁለት ብስክሌት የሚይዝ ምሰሶ አለ። ከባዱን ከታች አድርጊ።

ባለ ባትሪውን አትስቀይው። ብዙዎቹ ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ወገብ ይጎዳል። ወለል ላይ ይቁም። ባትሪውን ግን በጣም እንድትጠነቀቂለት እለምንሻለሁ። ከራሱ ቻርጀር ውጭ አትሰኪው፣ ተኝታችሁ ወይም ቤት ሳትኖሩ ቻርጅ አይደረግ፣ መውጫ በሩ አጠገብም አይሁን። እሳት ቢነሳ መውጫችሁን ይዘጋዋል። ወድቆ የተመታ ወይም ያበጠ ባትሪ ካየሽ መጠቀም አቁሚ። ለረዥም ጊዜ የማትነጂው ከሆነ ከ30 እስከ 60 በመቶ አድርሰሽ ሙቀት በሌለበት አስቀምጪው።

ለማይነዱት ደግሞ፣ ወለል ላይ የሚቆሙ ከሆነ ነፋሳቸውን ሙሉላቸው። ጎማ ሳይነፋ ክብደት ተሸክሞ ከከረመ ጎኑ ይሰነጠቃል። ሰንሰለቱን ጠርገሽ ትንሽ ዘይት ቀቢ። በላስቲክ ጠቅልለሽ አትዝጊው፣ እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ያዝገዋል። መኪናው ከዝናብ ሲገባ የሚያፈሰውም ውኃ ወደነሱ እንዳይሄድ እዪ።

ሌላው ስርቆት ነው። የጋራዥ በር ተቆልፏል ብሎ መተማመን አይበቃም። ወለል የያዙትን ኮንክሪት ላይ በተተከለ ቀለበት በአንድ ሰንሰለት እሰሪያቸው። ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ ሥር ሻሲው ላይ የሚቀረጸውን የብስክሌቱን መለያ ቁጥርም ፎቶ አንሺ።

የግድግዳሽን ዓይነትና የመኪናው በሮች ተከፍተው የሚተርፈውን ስፋት ጻፊልኝ። የትኛው የት ቢሰቀል እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።