ቢጫ ካርድ መኪና አይጎትትም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ኮስተሬን አልጋና ማብሰያ አስገጥሜ ካምፐር አድርጌያታለሁ፤ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ልወርድ ነው፤ መንገድ ላይ ብትበላሽብኝ የሚያነሳኝ ኢንሹራንስ የቱ ይሻለኛል?» ነው ያልከው። ከሥር ደግሞ ሰው ሁሉ «ቢጫ ካርድ በቂ ነው» ብሎሃል። እኔንም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር። 48 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ከፍዬ፣ አንድ ሌሊት በረሃ ላይ አድሬ ነው የተማርኩት።

ስለ ቦሎና ስለ ሦስተኛ ወገን አልነግርህም፤ ባለ ኮስተር ሆነህ እሱን ካላወቅክ ጉድ ነው። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ እዚህ ያለህን የሦስተኛ ወገን ሽፋን ድንበር ያሻግርልሃል። ኬንያ ውስጥ ሰው ብትገጭ፣ የሰው አጥር ብታፈርስ ይከፍላል። አንተና አብረውህ ያሉት ብትጎዱ ሕክምናውን ያያል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። የራስህን መኪና አይነካም። ስርቆት የለበትም፣ መጎተትም የለበትም። ሳትይዘው አትለፍ፤ የምትሄድበት አገር ካርዱ ላይ መኖሩን ግን ቢሮው ውስጥ ሆነህ አንብብ። ኡጋንዳም ብቅ እላለሁ ካልክ አሁኑኑ አስገባው።

2. «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» አትበለኝ። ሙሉ የሚሉት ሙሉ አይደለም። ውልህን አውጣና ሽፋኑ የት ድረስ እንደሚሠራ እይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ለውጭ አገር ተጨማሪ ከፍለህ ማራዘሚያ ታስጽፋለህ። እሱን ብታስጽፍም የሚያውቀው አደጋን ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። ሞተር ነክሶ ቢቆም፣ ካምቢዮ ቢሰበር «ሜካኒካል ብልሽት» ይባልና ከውሉ ውጪ ይሆናል። አደጋ ሌላ፣ ብልሽት ሌላ።

ይሄን የሚነግርህ የለም። እኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ከእነዚያ መስታወት ፎቆች አንዱ ላይ ወጥቼ የኢንሹራንሷን ልጅ በአማርኛ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ኬንያ መንገድ ላይ ብትበላሽብኝ ማነው የሚያነሳኝ?» አልኳት። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ» አለችኝ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ጤፍ ያክላል፣ መነጽሬ መኪና ውስጥ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ይቁነጠነጣል። አፍሬ ፈረምኩ። አንተ እንዳታፍር። ወንበር ስበህ ተቀመጥና «የቱ ገጽ ላይ ነው? በጣትሽ አሳይኝ» በላት።

3. ስለ መኪናህ ክብደት ልጽፍ ነበር፤ ግን ታሪኩን ካልነገርኩህ አይገባህም።

ያለፈው ዓመት ነሐሴ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ። ራሴን ብልህ አድርጌ ቢጫ ካርዱ ላይ የመንገድ ዕርዳታ ጨመርኩ። ናይሮቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። እዚያ ካለ አንድ ድርጅት የዓመት አባልነት ገዛችልኝ፤ በኤምፔሳ ከፈለች። ቅጹ ላይ «የመኪናው ዓይነት» ሲል ሚኒባስ ብላ ሞላች። ሊብሬው ላይ ያለውን ክብደት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ማን ውሸት አለው? ሊብሬው ነው የሚለው።

ሞያሌን በሰላም አለፍን። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ ነገሩን አቅልሎታል፤ የሁለቱንም አገር ጣጣ እዚያው ትጨርሳለህ። ከሞያሌ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልቱ እንደ ምንጣፍ። ቱርቢ የምትባለውን ከተማ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከሞተሩ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ መጣ። ልጄ «አባዬ፣ ማሰሮ እያፏጨ ነው» አለኝ። ሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ። ስቆም የውሃ ፓምፑ ለቆ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይንዠቀዠቃል። ዙሪያውን ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ዲዳ ገልጋሉ ይሉታል በረሃውን። ዛፍ እንኳ የለም።

ደወልኩ። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም፤ መንገዱን ወደ ኋላ በእግሬ ሄጄ አንድ ነጥብ አገኘሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከማርሳቢት አንዲት ትንሽ ጎታች መጣች። ሾፌሩ ወርዶ ኮስተሯን ዞራት። ጎንበስ ብሎ የውሃ ታንከሯን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ጣራ ላይ ያለውን ፖርታ ባጋጅ አየ። በሩን ከፍቶ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን አየና ሳቀ። «ሂ ኒ ኙምባ» አለኝ። «ይሄ እኮ ቤት ነው» ማለቱ ነው። ውላቸው እስከ 3.5 ቶን ድረስ ነው። የእኔዋ ኮስተር ባዶዋን ምንም ትበል፣ እኔ ግን 200 ሊትር ውሃ፣ የእንጨት ቁምሳጥን፣ ሁለት ባትሪና የባለቤቴን ድስቶች ጭኜባታለሁ። መኪናውን አዙሮ ሄደ። እንዲያውም ለመጣበት ነዳጅ ጠይቆኝ ነበር!

ያን ሌሊት እዚያው አደርን። ማመስገን ካለብኝ አልጋና ምድጃ መኖሩን ነው፤ ባለቤቴ አስፋልት ዳር ቡና አፈላች። የነጌሌ ልጅ ናትና ግመል ይዘው ከሚያልፉት የገብራ ሽማግሌዎች ጋር በኦሮምኛ ተግባባች። እኔ በእንግሊዝኛ ያልተሳካልኝን እሷ በአንድ ስኒ ቡና ጨረሰችው። በማግስቱ እነሱ በጠቆሙን ሰው በኩል አንድ ባዶ የጭነት መኪና መጥቶ በብረት ዘንግ ጎተተን። 48 ሺህ ሽልንግ፣ በኤምፔሳ፣ ቅድሚያ። የአክስቴ ልጅ ነች የላከችው። ሞተር ጠፍቶ ስትጎተት ፍሬንህ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪህ ይከብዳል። እስከ ማርሳቢት ድረስ ላቤ እንደ ጎርፍ ነው የወረደው።

ጀርመን ያለው የሚስቴ ወንድም ይሄንን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ራሱ ካምፐር አለው። እዚያ የመንገድ ዕርዳታ ስትገዛ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ክብደት፣ ርዝመትና ከፍታ ነው። ተራው መንጃ ፈቃዳቸው ራሱ 3.5 ቶን ላይ ስለሚቆም ሰው ሁሉ የመኪናውን ክብደት በቃሉ ያውቃል። እኛ ሰፈር ክብደት የሚጠይቀው ሲሚንቶ የሚጭን ብቻ ነው።

ስለዚህ የመንገድ ዕርዳታ ከመግዛትህ በፊት ውሃ ሞልተህ፣ ነዳጅ ሞልተህ፣ ቤተሰብህን ጭነህ ምድር ሚዛን ላይ ውጣ። የእኔዋ 4,620 ኪሎ ሆና ወጣች። ርዝመቷን ለካ፤ ረጅሟ ኮስተር 7 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታዋን ከነፖርታ ባጋጁ ለካ። ፎቶ አንሳና በዋትስአፕ ለድርጅቱ ላክ። «ይህችን መኪና፣ ከዚህ ቦታ፣ በምን መኪና ታነሷታላችሁ?» ብለህ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። የመኪና ዕድሜ ገደብ እንዳላቸውም ጠይቅ፤ የእኛ ኮስተሮች ከልጆቻችን ይበልጣሉና።

4 ይሁን 5 እንጃ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። የአደጋ ጊዜ ቁጥራቸውን እዚሁ አዲስ አበባ ሆነህ በእሑድ ማታ ደውልበት። ካላነሱ አትግዛ። ሁለተኛ የገዛሁትን እንደዚያ ነው የመረጥኩት። ሦስት ደወልኩ፣ አንዱ ብቻ አነሳ፣ እሱን ገዛሁ። ዋጋው ከፊተኛው እጥፍ ነበር፤ አልተከራከርኩም።

መኪናው ጋራዥ ሲገባ ቤተሰብህ የት ያድራል የሚለውንም ጠይቅ። የእኔ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ስለተጣመመ ማርሳቢት ዘጠኝ ቀን ቆየን። ደግነቱ ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ላንድክሩዘር ላይ ያለው ስለሆነ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ግን የመኪናው ጊዜያዊ መግቢያ ፈቃድ በቀን የተቆጠረ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ናት ብሎ አይጠብቅህም። ቀኑ ሳያልፍ ጉምሩክ ሄደህ አስረዳ፤ ከጋራዡም ወረቀት ያዝ።

ስመለስ ወደዚያ ሰንጋ ተራ ቢሮ ደረሰኞቼን ይዤ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ናት። «የፖሊስ ሪፖርት አለ?» አለችኝ። ግጭት የለም አልኳት። «እንግዲያው ብልሽት ነው፣ እኛን አይመለከትም። ቀጣይ!» አለች። እውነቷን ነው፣ ውሉ እንደዚያ ይላል። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ሳልሄድ በፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ዘንድሮ እስከ ሞምባሳ ደርሰን ተመልሰናል፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ። ከሶማሌ ተራ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት ቺንጊያና የራዲያተር ጎማ ገዝቼ ከአልጋው ሥር ይዤ ነበር። አልተነኩም፣ እዚያው አሉ። መኪናህ 1ኤችዜድ ከሆነች ፓምፑን ይዘኸው ሂድ። የብረት መጎተቻ ዘንግም አሠርቻለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። የምትሄድበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አውስሃለሁ። ብቻ ስትመለስ መልስልኝ፤ ባለፈው ያዋስኩት ሰውዬ ክሪኬን ይዞብኝ ቀርቷል።