የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰኞ የገባ እንቁላል ሰኞ ይፈለፈላል

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ 48 ወይም 56 እንቁላል ስለሚይዙት ትንንሽ የቤት ማስፈልፈያ ማሽኖች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስፈለፍል ሰው ይበልጥ ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ 56 እንቁላል የሚይዝ ማሽን ገዛሁ። ማሳያው 37.8 ይላል። ከሱቅ እንቁላል ገዝቼ ልጀምር? መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ ምንም አልረዳኝም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሱቁን የፈረንጅ እንቁላል ይተዉት። የሚመጣው ከእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታ ነው፤ እዚያ አውራ ዶሮ አይገባም። አውራ ያልነካው እንቁላል ሦስት ሳምንት ቢሞቅ ይገማል እንጂ ጫጩት አይወጣውም። የሀበሻ እንቁላል ዘር ሊኖረው ይችላል፤ ችግሩ መቼ እንደተጣለና ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው ነጋዴውም አያውቀውም። የሚሻለው ለ8 እስከ 10 ሴት ዶሮ አንድ አውራ ከያዘ አርቢ በቀጥታ መውሰድ ነው። አውራ የነካው የሳሶ እንቁላልም ይፈለፈላል፤ ነገር ግን ሳሶ ድቅል ስለሆነ ጫጩቶቹ የእናት አባታቸውን ዕድገት ይደግማሉ ብለው አይጠብቁ።

እንቁላሉ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ ይሁን። የቆሸሸውን አይጠቡት፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው መከላከያ ስስ ሽፋን አብሮ ይታጠብና ጀርሙ በቀዳዳዎቹ ይገባል። ትንሽ ቆሻሻ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ብዙ ከሆነ ለምግብ ያውሉት። እስኪጠራቀም ድረስ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ በሚሆን ጥላ ቦታ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ ፍሪጅ አይሆንም። በመኪና ተንገላቶ የመጣ እንቁላል ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት እንዲሁ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ ቢያንስ 12 ሰዓት ይረፍ።

ማሽኑን በለብ ያለ ውሃና በጥቂት በረኪና አጥበው፣ አድርቀው፣ ፀሐይና ነፋስ የማያገኘው ክፍል ውስጥ ባዶውን ለ24 ሰዓት ያሠሩት። አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ማሳያው የሚለውን ብቻ አይመኑ። ፋን ላለው ማሽን ትክክለኛው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ነው፤ ርካሽ ማሽኖች ላይ ግን ማሳያው 37.5 እያለ እንቁላሉ ያለበት ቦታ 36.5 ወይም 38.5 ሊሆን ይችላል። አንድ ዲግሪ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። ስለዚህ ሌላ ቴርሞሜትር ይግዙ። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ አድርገው ከሰው ትኩሳት መለኪያ ጋር አብረው ይንከሩትና የሁለቱን ንባብ ያስተያዩ። ልዩነቱን ካወቁ በኋላ ቴርሞሜትሩን እንቁላሉ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ያኑሩት፤ የማሽኑን ቁጥር የሚያስተካክሉት በእሱ ነው። ፋን የሌለው ማሽን ከሆነ ሙቀቱ ከላይ ስለሚከማች በእንቁላሉ አናት ልክ ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 መሆን አለበት።

የእርጥበት መለኪያውንም እንዲሁ ይፈትሹ። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርገው በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርሱት፤ ጨው ይርጠብ እንጂ አይሟሟ። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ፌስታል ውስጥ ከተው አፉን አጥብቀው ይሰሩና አሳድረው ያንብቡት። 75 በመቶ ማለት አለበት። 68 ካለ መለኪያዎ 7 ያጎድላል ማለት ነው፤ ያንን እየደመሩ ይጠቀሙበት።

ቀሪው ቀላል ነው። እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን፤ ከዚያ እስከ መፈልፈያው ከ65 እስከ 70 ይድረስ። ማሽኑ ራሱ የማያገላብጥ ከሆነ የእንቁላሉን አንድ ጎን በእርሳስ ‘ሀ’ ሌላውን ‘ለ’ ብለው ይጻፉና ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ያዙሩ። በቀን ሦስቴ ወይም አምስቴ የሚባለው ረጅሙን ሌሊት በየቀኑ በተለያየ ጎን እንዲያድር ነው። የገባበትን ቀን እንደ ዜሮ ይቁጠሩ፦ ሰኞ የገባ እንቁላል ሦስተኛው ሳምንት አርብ ማገላበጡ ይቆማል፣ ሰኞ ይፈለፈላል።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተው የስልክዎን የባትሪ መብራት በእንቁላሉ ድቡልቡል ጫፍ ላይ ለጥፈው ይዩት። ዘር ያለው እንቁላል ውስጥ መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያው እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሉት ነገር ያያሉ። ጥርት ብሎ ቢጫ ከሆነ ዘር የለውም። የደም ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ ጀምሮ ሞቷል። ሁለቱንም ያውጡ፤ የሞተው ከቆየ ውስጡ ጋዝ ሞልቶት ይፈነዳና ሌሎቹን ይበክላል። ቅርፊቱ ቡናማ ከሆነና ካልለዩት በ10ኛው ቀን እንደገና ይዩት እንጂ በጥርጣሬ አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ለአራት ሰዓት ይጠፋል። እንቁላሉ አበቃለት ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አላበቃለትም። ፅንስ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜን ይችላል፤ ሙቀት ሲበዛበት ነው ቶሎ የሚሞተው። መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አይክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሆነ የአየር ቀዳዳውን ሳይሸፍኑ ማሽኑን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ይጠቅልሉና እንቁላሉን ሳያስነኩ ጎኑ ላይ ያስቀምጡ። ከ14ኛው ቀን በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ጫጩቶቹ የራሳቸውን ሙቀት ያመነጫሉ፣ አየርም በብዛት ይፈልጋሉ፤ ፋኑ ቆሞ በአዳማ የቀን ሙቀት አጥብቆ መጠቅለል ያፍናቸዋል። ያኔ ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይጠብቁ።

መብራት ሲመጣ “ያጣውን ላካክስ” ብለው ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ። ከ40 ዲግሪ በላይ ጥቂት ሰዓት የቆየ ፅንስ ሊሞት ይችላል። ፍልፈላው ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጠበቅ ነው።

ማሽንዎ ባለ 12 ቮልት መሰኪያ ካለው የመኪና ባትሪ ያዘጋጁ። 80 ዋት የሚል ማሽን በሙሉ ኃይሉ ወደ 7 አምፒር ይስባል። ባለ 45 አምፒር ሰዓት ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም ወደ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ማሞቂያው እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ በተግባር ከዚያ በላይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ 40 እንቁላል አስገብቼ 11 ብቻ ተፈለፈሉ። 19ኙ ሙሉ ጫጩት ሆነው ቅርፊቱ ውስጥ ሞቱ፤ ስሰብራቸው እርጥብና ያበጡ ነበሩ። እዚህ ብርድ ስለሆነ የአየር ቀዳዳውን ዘግቼ፣ ሁለቱንም የውሃ ቦይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞልቼ ነበር። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውሃው በዛ፣ አየሩ አነሰ። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል ውሃ ማጣት አለበት። በዚያ ልክ ሲደርቅ ድቡልቡሉ ጫፍ ላይ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ጫጩቱ መጀመሪያ የሚበሳው ቅርፊቱን ሳይሆን ይህን ኪስ ነው፤ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበውም ከዚያ ነው። ውሃው ካልወጣ ኪሱ ጠባብ ይሆናል፣ ጫጩቱ ያብጣል፣ ለመዞር ቦታ ያጣል፣ መንቆሩን ሲያስገባ አየር ሳይሆን ፈሳሽ ያገኛል። እርስዎ ያዩት እርጥብና ያበጠ ጫጩት ይህ ነው። ደርቆ ሽፋኑ ተጣብቆበት ቢሆን ኖሮ እርጥበቱ አነሰ እንል ነበር።

የቦታው ከፍታም ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይቀንሳል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ጫጩቱ ከሁሉም ጊዜ አብልጦ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ቀዳዳውን መዝጋት የዚያን ጊዜ ነው የሚገድለው። ብርዱን ለመከላከል ክፍሉን ያሙቁ፣ ማሽኑን ከቀዝቃዛ ወለል ላይ አንስተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉ፤ ቀዳዳው ግን ይከፈት። በሌላ በኩል በከፍታ ቦታ ውሃ ከእንቁላል ቶሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ውሃውን ጭራሽ መተውም ወደ ሌላው ጥፋት ይወስዳል።

መፍትሔው መመዘን ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሲያስገቡ 20 እንቁላል አንድ ላይ ይመዝኑ፤ 1,000 ግራም ቢሆን በ7ኛው ቀን 955፣ በ14ኛው 905፣ በ18ኛው 880 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። በ7ኛው ቀን 975 ከሆነ አንዱን ቦይ ያድርቁት። 930 ከሆነ ሁለተኛውን ይሙሉ። የወጣ እንቁላል ካለ ከመነሻው ላይ የእሱን ክብደት መቀነስ አይርሱ፤ ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን መጀመሪያ መዝኖ ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ መጻፍ ይሻላል።

ቀሪዎቹ ዘር የሌላቸው ከነበሩ ከ40 አሥሩ ማለት ነው፤ ይህ የማሽን ጉዳይ አይደለም፣ እንቁላሉን የሰጠዎትን ሰው ስንት አውራ እንዳለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ አንዱ ጫጩት ከትናንት ማታ ጀምሮ ቅርፊቱን በስቶ ይጮሃል፤ እስካሁን አልወጣም። ልርዳው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይጠብቁ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት መፍጀቱ የተለመደ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢመስልም ቀሪውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ፣ በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ሥሮች እየደረቁ ነው። ያኔ ቢልጡት ይደማል። ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር ደግሞ እርጥበቱ ወርዶ ሽፋኑ በሌሎቹ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይጣበቃል።

24 ሰዓት ካለፈው፣ ቀዳዳው ካልሰፋና ሽፋኑ ነጭነቱን ትቶ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ብቻ ይግቡ። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ ሽፋኑን ያርሱ፣ ከድቡልቡሉ ጫፍ ብቻ ቅርፊቱን በጥቂቱ ያንሱ፤ ደም ካዩ ወዲያው አቁመው ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ከወጡ በኋላስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጸጉራቸው ደርቆ እስኪነፋ ማሽኑ ውስጥ ይቆዩ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው አስኳል ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያቆያቸዋል። ማሳደጊያው በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነሰ ይሂድ። መብራቱ ሥር ከተከማቹ በርዷቸዋል፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ከሸሹት ሞቋቸዋል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ብቻ አያንጥፉ፤ እግራቸው ይንሸራተትና ይዛነፋል፤ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይሁን። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የጫጩት መኖ ይስጧቸው። የፈንግል ክትባትን አያዘግዩ፤ ኤች ቢ ዋን የሚባለው በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ ከዚያ በኋላ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ የሚሰጥበትን ቀን በአካባቢዎ ያለ የእንስሳት ሐኪም ይወስንልዎታል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ጫጩት የሚሆን ስለሆነ፣ ከተከፈተም በኋላ ስለማይቆይ፣ ጫጩት ካላቸው ጎረቤቶችዎ ጋር በአንድ ቀን ብታስከትቡ ወጪው ይቀላል።