መልስ፦ የማጣቀሻ ቁጥሮቹን በእጅ አያርሙ

ሰላም። ለሕክምና ጆርናል በሚያዘጋጁት ጽሑፍ መሃል ላይ አንድ አንቀጽ ሲጨምሩ የማጣቀሻ ቁጥሮቹ ሁሉ እንደተዛቡና አንድ በአንድ ማረም ይኖርብዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ በእጅ አይንኳቸው። ዞቴሮ (Zotero) የተባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ ከዎርድ ጋር ይሠራል፤ አዲስ ምንጭ ባስገቡ ቁጥር ተራውን ራሱ ያስተካክላል።

አብዛኞቹ የሕክምና ጆርናሎች የሚከተሉት የቫንኩቨር የማጣቀሻ አጻጻፍ ስልት (የጆርናል አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው የጀመሩት ነው) ቁጥር የሚሰጠው በፊደል ተራ ሳይሆን ምንጩ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። መግቢያው ላይ 4 የተባለ ምንጭ ውይይቱ ላይ ቢደገምም ያው 4 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ያለ ምንጭ ቁጥሩን የሚያገኘው ሰንጠረዡ በጽሑፉ መጀመሪያ ከተነሳበት ቦታ ነው። ሰንጠረዡ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ ምንጩ የመጨረሻውን ቁጥር አይወስድም። እኔም የመጀመሪያ ጽሑፌ ለእርማት የተመለሰልኝ በዚሁ ነበር።

የደራሲዎች ስም ብዛት እንደ ጆርናሉ ይለያያል። አንዳንዱ ስድስት ስም ካስጻፈ በኋላ «እና ሌሎች» ያስብላል፤ በጃማ (የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል፣ JAMA) ስልት ግን ደራሲዎቹ ከስድስት ሲበልጡ የሚጻፉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ከመላክዎ በፊት ግን እያንዳንዱን ምንጭ ፐብሜድ (PubMed) በተባለው የሕክምና ጥናቶች የመረጃ ቋት ላይ ከፍተው ያመሳክሩ። ሶፍትዌር የተሳሳተ የገጽ ቁጥርም ሆነ የተዛባ ስም እንዳለ ይገለብጣል። በዚያው የጠቀሱት ጥናት ከኅትመት ተመልሶ እንዳይሆን ይዩ፤ የተሰረዘ ጥናት ላይ የሕክምና ምክር መመሥረት በሽተኛ ይጎዳል።